ቀትር ላይ የሚጮኸው ሳጥን

ይህ ተረት አይደለም። ከገሳይ ከተማ በላይ ባለው መንደራችን፣ በገዛ ቤቴ የሆነ ነው። ማመን ያቃተው ይተወው። ልለምነው አልጻፍሁም።

ሰዓቱም ሌሊት አይደለም። ቀትር ነው... ልክ ስድስት ሰዓት።

አምና በጥቅምት ሕይወት የምትባል የጤና ባለሙያ ከደብረ ታቦር መጣች። መዳፍ የማትሞላ መሣሪያ ይዛለች። ባዮሴንሰር ይሏታል። ከጣት ጫፍ አንዲት ጠብታ ደም በስስ ወረቀት ይወሰድና በአፏ ይሰካላታል። ነቀርሳ ገና ሳያም ምልክቱን ከደም ታነባለች። ደህና ከሆነ አረንጓዴ ታበራለች። ካልሆነ ቀይ... ትጮኻለችም።

ምርመራው በእኛ ቤት ሆነ። ሴቶቹ ደማቸውን ሰጥተው ተበተኑ። የባለቤቴ የፈንታነሽ ውጤት ሲመጣ እሷ ውኃ ወርዳ ነበር። በሩ ላይ የቆምሁት እኔ ነኝ።

ቀይ።

"እማማን ልጠብቃቸው። ለራሳቸው ነው የሚነገረው" አለች ሕይወት።

"ለእኔ ንገሪኝ። እኔ እነግራታለሁ።"

"ደብረ ታቦር ሄደው ይረጋገጥ። ከሆነም ገና ጅምር ነው፣ ይድናል። ዛሬውኑ ይንገሯቸው፣ አባባ። ቃልዎን ይስጡኝ።"

ሰጠሁ። ለድጋሚ ምርመራ እመለሳለሁ ብላ መሣሪያዋን በሳጥኔ አስቆለፈችኝ።

በእኛ አገር የሞተ ሰው መርዶ እንኳ በድንገት አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ ነው። ለበሽተኛማ ጭራሽ!

"ብትነግራት ከበሽታው በፊት አንተ ገደልሃት" አለኝ ወንድሟ ወርቁ። "መጀመሪያ ገብሱ ይግባ።"

ገብሱ ገባ። ጥምቀት ይለፍ አልን። ጥምቀት አለፈ። ፋሲካ ይለፍ አልን...

የደብረ ታቦር መንገዱ ክፍት ነበር። ይህን ስጽፍ ጥርሴ ይፋጫል። መንገዱ ክፍት ነበር! ሕይወት ደጋግማ ደወለች። አላነሣሁም። በኋላ ወደ ሌላ አገር ተዛወረች ተባለ።

ጩኸቱ የጀመረው ግን ገና ከምርመራው በሦስተኛው ቀን ነው። ቀትር ላይ።

ጢ... ጢ... ጢ...

ሳጥኑን ከፈትሁ። ቀይ በርቷል። በአፏ አዲስ ወረቀት ተሰክቷል። ደሙ አልደረቀም።

ቁልፉ ከአንገቴ ወርዶ አያውቅም።

"ምንድን ነው የሚጮኸው?" አለች ፈንታነሽ ከጓዳ።

"ምንም የለም። አይጥ ነው።"

"ከመቼ ወዲህ ነው አይጥ እንደ ስልክ የሚጠራው? በል አንሣውና አነጋግረው!"

ሳቀች። ጣቷን እየመጠጠች ነበር።

"እሾህ ወግቶኝ ነው መሰል..."

ወረቀቱን እሳት ውስጥ ጣልሁት።

በማግስቱ መሣሪያዋ ጮኸች። የባትሪ ድንጋዩን ከሆዷ አውጥቼ ገደል ወረወርሁት። ባትሪ የሌላት መሣሪያ በማግስቱም ጮኸች።

በየቀኑ ትኩስ ደም። በየቀኑ የፈንታነሽ ጣት። በየቀኑ "አይጥ ነው"።

እሷም መሳቅ ተወች።

በሰኔ በቃሬዛ ተሸክመን ደብረ ታቦር አደረስናት። ሐኪሙ እኔን ከክፍሉ አስወጣኝና ለእሷው ነገራት። ስመለስ ጣራውን ታያለች።

"መቼ አወቅህ?" አለች በሹክሹክታ።

"ጥቅምት።"

ወደ ግድግዳው ዞረች። እስክትሞት ድረስ ሌላ ቃል አልተነፈሰችልኝም።

በለቅሶው ወርቁ "ምነው እግዜር!" እያለ ደረቱን ይደቃል።

"ዝም በል!" አልሁት በሰው ፊት። "እግዜር ነግሮን ነበር። እኔና አንተ ነን ያፈንነው!"

ከቀብሯ በኋላ ሳጥኑ ጸጥ አለ። ዓይኔ እንዳያየው ቁልፉን ለልጄ ለዳኛቸው ሰጠሁት።

አርባዋ በወጣ ማግስት ደጃፍ ተቀምጫለሁ። ፀሐይዋ አናት ላይ ናት። ውሻው ድንገት ተነሥቶ ከአጠገቤ ራቀ።

ጢ... ጢ... ጢ...

ዳኛቸው ከጓሮ ሮጦ ገባ። ሳጥኑ ሲከፈት ሰማሁ። ጩኸቱ ቆመ። ክዳኑ ቀስ ብሎ ተዘጋ።

ልጁ ግን አልወጣም።

ስገባ ሳጥኑ ላይ ተቀምጧል። ፊቱ አመድ መስሏል።

"ምንድን ነው?"

"ምንም የለም፣ አባ።"

"ተነሥ! ክፈተው!"

"ይቀመጡ እንጂ... ፀሐይ መትቶዎታል..."

"ዳኛቸው! ክፈተው አልሁህ!"

ዓይኔን አላየም።

"አይጥ ነው" አለ።

ከሳጥኑ ላይ ልጎትተው ክንዱን ጨበጥሁ። ነጭ እጅጌው ላይ አንዲት ቀይ ጠብታ አረፈች... ከዚያ ሌላ።

ከእኔ ጣት ጫፍ ነበር።