መዘዞ ሄደ የተባለው ሰው

እትዬ አስናቀች የዮርዳኖስን ጀሪካን በእግራቸው ገፍተው ከሰልፉ አስወጡት። ባዶ ስለነበር በድንጋዩ ላይ እየተንኳኳ ቦይ ውስጥ ገባ።

«እናትሽ የኮሮና ጨርቅ ስታጥብ ትውላለች፣ አንቺ ደግሞ እኛ የምንጠጣበትን ቧንቧ ትነኪያለሽ» አሏት። «ሰው ሁሉ ቀድቶ ሲጨርስ ነይ።»

ቦኖው ጋ የተሰለፈው ሰው ጀሪካኑን ወደ ፊት ገፋ። የእትዬ አስናቀች ልጅ ፋሲካም ከእናቷ ጎን ቆማ ስልኳን መነካካት ጀመረች። ሁለቱ ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ነው የተቀመጡት። በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ከተዘጋ ወዲህ ግን ፋሲካ ዮርዳኖስን መንገድ ላይ ስታይ ወደ ማዶ ትሻገራለች።

የዮርዳኖስ እናት ደመቀች የኮሮና ታማሚዎች በሚተኙበት ለይቶ ማከሚያ አንሶላና ብርድ ልብስ ታጥባለች። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የማያውቀው ሌላ ነገር ነው።

የፋሲካ አባት ጋሽ ወልደተንሣኤ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። ከጅቡቲ በተመለሱ በሦስተኛው ቀን ከሰፈር ጠፉ። እትዬ አስናቀች ለጠየቃቸው ሁሉ «ወንድሙ ታሞበት መዘዞ ሄዷል» ይላሉ። ጋሽ ወልደተንሣኤ ግን ያሉት እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ ለይቶ ማከሚያው ውስጥ ነው። ትናንት ደመቀችን በመስኮት ጠርተው፣ «ስልኬ ተበላሽቷል። ለፋሲካ አባትሽ ተሽሎታል፣ ኦክስጅኑን ነቅለውለታል በይልኝ» አሏት። ደመቀች በእነ ፋሲካ ደጅ ማለፍ ከተከለከለች ስለቆየች መልእክቱን ለልጇ ሰጠቻት።

«በጆሮዋ ብቻ ንገሪያት» አለች። «የታመመ ሰው ስም አደባባይ አይወጣም።»

አሁን ያ መልእክት የዮርዳኖስ ምላስ ጫፍ ላይ መጣ። አንዲት ጥያቄ ትበቃለች፤ ባለቤትዎ የት ነው ያሉት? ሰልፉ ሁሉ ከእትዬ አስናቀች ይሸሻል። የእሳቸውም ጀሪካን ቦይ ውስጥ ይወረወራል።

«እትዬ አስናቀች» አለች።

«ምን ፈለግሽ?»

ፋሲካ ቀና አለች። ፊቷ አመድ መስሏል። ዮርዳኖስ ሚስጥሩን እንደምታውቅ ለፋሲካ ያን ጊዜ ገባት።

ጋሽ ወልደተንሣኤ ከጅቡቲ በመጡ ቁጥር ቴምር ለሁለቱ ልጆች እኩል ነበር የሚያካፍሉት።

«እናቴ የምታጥበው የሰው አንሶላ ነው» አለች ዮርዳኖስ። «የሰው።»

ጀሪካኑን ከቦዩ አውጥታ በቦታው መለሰችው። ከኋላዋ የነበሩት ሴትዮ ሁለት እርምጃ ራቁ። እትዬ አስናቀች እያጉረመረሙ ውሃቸውን ይዘው ሄዱ። ዮርዳኖስ ግን ተራዋ እስኪደርስ ንቅንቅ አላለችም።

ቀድታ ስትመለስ ፋሲካ ከአንድ አጥር ጀርባ ብቅ አለች።

«ዮርዲ» አለች በሹክሹክታ። «እናትሽ አባዬን አይታዋለች?»

«ተደብቀሽ ነው የምትጠይቂኝ?»

«እማዬ ካየችኝ ትገድለኛለች። ሰው ከሰማ ደግሞ ያገሉናል።»

«እኛንስ?»

ዮርዳኖስ ጥላት ሄደች። አምስት እርምጃ፣ ስድስት እርምጃ። ከዚያ ቆመች። ሰውየው ምንም አላደረጓትም።

«ተሽሏቸው ኦክስጅኑን ነቅለውላቸዋል» አለች ዞራ። «ለፋሲካ ንገሪልኝ ብለዋል።»

ፋሲካ አፏን በእጇ ይዛ ማልቀስ ጀመረች። ልታቅፋት ስትጠጋ ዮርዳኖስ ወደ ኋላ አለች።

«ሌላም ወሬ ይኖራል። ግን ከእንግዲህ አጥር ጥግ ላይ አልነግርሽም። ቤታችን ትመጫለሽ። በዋናው በር፣ በቀን። አንኳኩተሽ ‹እትዬ ደመቀች፣ እንደምን ዋሉ› ብለሽ ራሳቸውን ትጠይቂያለሽ።»

«ዮርዲ፣ በናትሽ፣ ሰው ያየኛል።»

«ይይሽ።»

ዳገቱን ስትወጣ ንዴቱ አልለቀቃትም። እጇ ላይ የነበረው ክብደት እንኳ አልተሰማትም። ቤት ገብታ ውሃውን አስቀመጠች፤ በመስኮት ስትመለከት ፋሲካ ከአጥሩ ጥግ ወጥታ መንገዱ መሃል ቆማለች፤ አንዴ ወደ ቤቷ፣ አንዴ ወደ ዳገቱ ትመለከታለች።

ዮርዳኖስ አልጠራቻትም። ሄዳ በሩን ዘጋችው። የሚመጣ ሰው ማንኳኳት አለበት።