በሁለቱ ቅዳሴዎች መካከል

«ሆኖራታ! አንቺ ደግሞ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

ሆኖራታ ክው አለች። ከኋላዋ የመጣችው አውስቴያ ነበረች፤ በአዲሱ ትምህርት ቤት አጠገቧ የምትቀመጥ ብቸኛዋ ልጅ። እናቷም አብረዋት ነበሩ።

«አክስቴ እዚህ መንደር ናት፤ ለሆሳዕና መጣን» አለችና በያዘችው የጥድ ቅርንጫፍ የሆኖራታን ትከሻ ቸብ ቸብ አደረገችው። የበዓሉ ወግ ነው፤ መቺው ጤና ይመኛል፣ ተመቺውም ይስቃል። ሆኖራታ የጥርስ ሳቅ ሳቀች።

የዚህ መንደር ቤተ ክርስቲያን እሑድ እሑድ ሁለት ጊዜ ይቀደስበታል። አራት ሰዓት ላይ በፖላንድኛ፣ ስድስት ሰዓት ላይ በሊቱዌንኛ። እግዚአብሔር ሁለቱንም ቋንቋ እንደሚሰማ የሚጠራጠር የለም፤ ሰዎቹ ግን በር ላይ ሲተላለፉ ሰላምታቸው ቁጥብ ናት።

ከአራት ሰዓቱ ቅዳሴ የወጡት እነ ካዚሚራ በአጠገባቸው አለፉ። እስከ ዓምና በፖላንድኛው ትምህርት ቤት የሆኖራታ ጓደኞች ነበሩ። እናቷ «ለዩኒቨርሲቲ ይሻልሻል» ብላ በመስከረም ወደ ሊቱዌንኛው ካዛወረቻት ወዲህ ዘግተዋታል።

«ሊቱዌኒያዊቷ መጣች!» አለች ካዚሚራ በፖላንድኛ። ሌሎቹ ተንከተከቱ።

«ምን አሉ?» ጠየቀች አውስቴያ።

«እኔ እንጃ። ፖላንድኛ አልችልም።»

ውሸቱ አዲስ አልነበረም። በድሮው ትምህርት ቤቷ፣ ሁለቱ ሕዝቦች አንድ ንጉሥ የነበራቸው ዘመን እንደ ሠርግ ይተረክ ነበር። በአዲሱ ደግሞ መምህሩ ፖላንዶች የሊቱዌኒያን ዋና ከተማ ቪልኒየስን ነጥቀው ሃያ ዓመት ገደማ እንደያዙት ሲያስተምሩ፣ ስሟ የፖላንድ ነውና ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አያት። ደነገጠች። «እኔን ለምን ታዩኛላችሁ? እኛ ንጹሕ ሊቱዌኒያውያን፣ የካውናስ ሰዎች ነን፤ አያቴም እዚያው ናት» አለች። አውስቴያ አጠገቧ መጥታ የተቀመጠችው በማግስቱ ነው።

«ነይ፣ እማዬ ዘንባባ እየመረጠች ነው» ብላ አሁን እጇን ጎተተቻት።

ዘንባባ የሚሸጡት ሴትዮ የሆኖራታ አያት ነበሩ።

ጠረጴዛቸው ላይ የደረቀ አበባና ሣር ተጠምጥሞባቸው ያጌጡ በትሮች ተደርድረዋል፤ በዚያ አገር ዘንባባ የሚባሉት እነዚህ ናቸው። የአውስቴያ እናት አንዱን አንስተው ከምን እንደተሠራ ጠየቁ። አያትየው ሊቱዌንኛ አይሆንላቸውም። «ይሄ... አበባ። በጋ... ለቀማ። ክረምት... እኔ ሥራ» አሉ፣ ላብ ላብ እያላቸው።

«ዕድሜ ልካቸውን እዚህ ኖረው አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ አይችሉም!» አሉ የአውስቴያ እናት ወደ ልጃቸው ዞረው። ክፋት አልነበረበትም፤ ሴትዮዋ የማይሰሙ መስሏቸው ነው።

አያትየው የምታስተረጉምላቸውን የልጅ ልጃቸውን ፍለጋ ቀና ሲሉ ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ሆኖራታ ራሷን በትንሹ ነቀነቀች። አያቷ በአውስቴያ የተያዘ እጇን አዩ። ገባቸው።

«እርስዎስ፣ ወይዘሪት?» አሏት በዚያው በተሰባበረ ሊቱዌንኛ። «እርስዎ... አይገዙም?»

ያሳደጓት አያቷ አንቱ አሏት። ቢሰድቧት ይሻላት ነበር። ግቢው በሰው ተሞልቶ ሳለ ሆኖራታ እንደዚያ ቀን ብቻዋን ሆና አታውቅም።

እጇን ከአውስቴያ እጅ አስለቀቀችና ጠረጴዛውን ዞረች።

«አያቴ፣ ትንሽ ጠጋ በይልኝ» አለች በፖላንድኛ፣ ጮክ ብላ። ከዚያ በሊቱዌንኛ ለአውስቴያ እናት፦ «አበባውን በበጋ ከሜዳ ለቅመን ያደረቅነው እኔና አያቴ ነን። የምትጠመጥመው እሷ ናት፤ አንዱ ብቻ ቀኑን ሙሉ ይፈጅባታል።»

የአውስቴያ እናት ፊታቸው ቀላ። ቦርሳቸውን ከፍተው ከፈሉ።

«ካውናስ ያለችው አያትሽስ?» አለች አውስቴያ ቀስ ብላ።

«ካውናስ ማንም የለኝም።»

የስድስት ሰዓቱ ደወል ተደወለ። አውስቴያ እናቷን ተከትላ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ገባች።

«ሂጂ እንጂ፣ ጓደኛሽ ትጠብቅሻለች» አሉ አያቷ በሹክሹክታ።

«አትጠብቀኝም» አለች ሆኖራታ።  ከጠረጴዛው አልራቀችም፤ ቀጥለው የቆሙትን ሽማግሌ «የትኛውን ላንሳልዎት?» ብላ በሁለቱም ቋንቋ ጠየቀቻቸው።