ኮምፒውተሩ ዶሪንን ያስወጣት ዓርብ

ዶሪን ሌስተርን የተዋወቀችው መልኩን ሳታይ ነው። ጊዜው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር 1966፣ ቦታው ካምብሪጅ፣ ማሳቹሴትስ። ከዩኒቨርሲቲው ትልቅ ኮምፒውተር ጋር በስልክ መስመር የተገናኘው የቢሮዋ የጽሕፈት መኪና ድንገት በራሱ እየተንቀጫቀጨ የሌላ ሰው መልእክት ይጽፍ ጀመር።

«ይቅርታ፣ ኮምፒውተሩን ያንቀራፈፍኩባችሁ እኔ ነኝ። ሌስተር፣ ከሒሳብ ክፍል።»

«ታዲያ ተወን! ሠላሳ ሰው እኮ ነው የምንጋራው! ዶሪን።» ብላ ጻፈችለት።

«ምሳ ብጋብዝሽስ ይቅር ትይኛለሽ?»

ምሳው ወዳጅነት፣ ወዳጅነቱም ፍቅር ሆነ። ያ ኮምፒውተር ለሁሉም በየተራ ቅንጣት ቅንጣት ጊዜ እያደለ፣ እያንዳንዱን ያንተ ብቻ ነኝ የሚል ሸንጋይ ነበር። ሠላሳው ቦታ ሲሞላ ግን ሰው ያበላልጣል። እንደ ሌስተር ያለ ባለሙሉ መብት ከመጣ፣ እንደ ዶሪን ያለውን ተጠባባቂ ያለ ይሉኝታ ያስወጣል።

አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሌስተር ጻፈላት።

«ካሊፎርኒያ ሥራ አግኝቻለሁ። እስከ አሥር ሰዓት መልስ ስጥ ብለውኛል። ፊት ለፊት ልጠይቅሽ ፈራሁ... አትሂድ ካልሽኝ እቀራለሁ፤ እንጋባለን። ምን ትያለሽ?»

ዶሪን እንባዋ ቀደማት። «አትሂ...» ብላ ሳትጨርስ መኪናው ቀጥ አለ። አንድ ባለሙሉ መብት ገብቶ ኖሮ ኮምፒውተሩ እሷን አስወጣ!

ሌስተር ዘንድ የደረሰው «ዶሪን አሁን የለችም» የሚል መስመር ብቻ ነው። እሱን አንድም ቀን አስወጥቶት አያውቅምና፣ ዘግታበት የሄደች መሰለው።

እንደገና ሞከረች። «ሞልቷል።» ደገመች። «ሞልቷል።» በሌላ ስልክ ደወለችለት፤ የእሱ ስልክ ግን ከኮምፒውተሩ ጋር እንደተገናኘ ስለነበር ተይዟል።

«ሩጪ እንጂ!» አለቻት የሥራ ባልደረባዋ ኖርማ።

«ቢሮው ከወንዙ ማዶ እኮ ነው! አሥር ሰዓት ሊሆን ነው...»

«እንግዲያስ ጸልዪ!»

በመጨረሻ መኪናው «ቦታ ተገኝቷል» ብሎ ጻፈ። ዶሪን ከወንበሯ ዘለለች። «አትሂድ! እንጋባ!» ብላ ላከች።

«ሌስተር አሁን የለም» የሚል መልስ መጣ።

ለካ የተለቀቀላት ቦታ የእሱ ኖሯል።

እንደገና ደወለችለት፤ ስልኩ አሁን ጠራ። ሌስተር አነሳው።

«አልሄድኩም እኮ፣ ሌስተር! አስወጥቶኝ ነው! አትሂድ ልልህ ነበር...»



«እሺ ብያቸዋለሁ፣ ዶሪን። የተውሽኝ መስሎኝ...»

«እንዲህ ያለ ነገር ጠይቀኸኝ፣ አንዲት ቃል ሳልተነፍስ የምሄድ ሴት ነኝ? ይሄን አመንክ?»

«አመንኩ...» አለ ድምፁ ሰልሎ። «ግን አሁንም ደውዬ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ ልላቸው እችላለሁ። አትሂድ በይኝ ብቻ!»

ዶሪን አፏን ከፈተች። በዚህኛው መስመር የሚያስወጣት አልነበረም። ልቧ አትሂድ እያለ ይጮኻል፤ «አመንኩ» ያለው ቃል ግን አላናግር አላት።

«ዶሪን? አለሽ?»

«አለሁ» አለች እያለቀሰች።

ሌላ ቃል አልወጣትም። ሌስተርም በሳምንቱ ሄደ።