ስድስተኛዋ ጳጉሜ

ጥላ ተከተለኝ የሚል ሰው ካገኘሁ፣ «ጠላው ነው የተከተለህ» ብዬ ተነስቼ የምሄድ ሰው ነኝ፣ ጠይቅ፣ ሰቆጣ የሚያውቀኝ ሁሉ ይነግርሃል። መቃብር አጠገብ በሬ ጠብቄ አድሬ አውቃለሁ፣ ከጅብ በቀር የመጣብኝ የለም። ስለዚህ ወዳጄ፣ ይህን ስነግርህ አርጅቶ ቀበጠ እንዳትለኝ። ፊደሉንም የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፣ እሱንም ተገድጄ፣ ማሳመር አላውቅም፣ የሆነውን ብቻ ነው የምጽፍልህ።

ነገሩ የሞባይል ነው። ሚስቴ ዝናሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ገጠር፣ ደሃና ላይ ሳለን ሞባይሌ ላይ ቀን የሚያስታውስ አፕ አስጫነችልኝ። ያ አፕ የሰው ድምፅ ይቀበል ነበር፣ እኔ ማንበብ እንደሚያታክተኝ ታውቃለችና ለየቀኑ በገዛ አፏ ቀዳችልኝ። ጧት ጧት ይናገራል፣ «ዛሬ አቦ ነው፣ ጋቢህ ሳጥኑ ላይ ነው።» «ዛሬ ሚካኤል ነው፣ ማኅበር አለብህ፣ ጠላው ላይ እንዳትቆይ።» «ዛሬ ምንም የለም፣ ተነስና እረስ።» ሠላሳውን ቀን እንዲህ ሞላችው። የጳጉሜንም አምስቱን ሞላች። በሦስተኛው ቀን «ሩፋኤል ነው፣ ዝናቡ ጠበል ነው፣ ውጣ» ትላለች፣ ያን ቀን በየዓመቱ ደጅ ወጥተን አብረን ነበር ዝናብ የምንመታው፣ እንደ ልጅ። ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ በአራት ዓመት አንዴ የምትመጣዋን ጳጉሜ ስድስትን ግን ተወቻት። ለምን ተውሻት ብላት፣ «እሷ የሩቅ መንገደኛ ናት፣ ስትደርስ እነግርሃለሁ» ብላ ሳቀች።

ጳጉሜ ስድስት ሳትደርስ ዝናሽ ሞተች።

ደሃና ያለውን ቤት በጓጉንቸር ቆልፌ፣ ቁልፉን አንገቴ ላይ አስሬ፣ ሰቆጣ ልጄ ዘንድ ገባሁ። ጧት ድምጿ ሲጠራኝ «እሺ» እላለሁ፣ ልጄ ትስቅብኛለች፣ ትሳቅ። በዚያ ድምፅ ውስጥ እኮ እሷ ብቻ አይደለችም ያለችው፣ እመነኝ፣ ዶሮዋ ትሰማለች፣ የቤታችን በር ሲከፈት እንደ ታመመ ሰው የሚያቃስተው ይሰማል። ዘይት ቅባው እያለችኝ ያልቀባሁት በር ነው።

ታዲያ አፑ አረጀ። የሠሩት ሰዎች ትተውታል አሉ። ቀን መሳት ጀመረ፣ በገብርኤል ቀን «ዛሬ ሚካኤል ነው፣ ማኅበር አለብህ» ብሎኝ ድፎ ዳቦ ተሸክሜ የማኅበር ወንድሜ ካሱ ቤት ሄድኩ። ካሱ በሩ ላይ ቆሞ፣ «አንተ ምስጋናው፣ ሚካኤል ካለፈ ሳምንት ሆነው፣ ለመጪው ወር ነው የማለድከው?» አለኝ። ዳቦውን ግን አልመለሰልኝም። አገር ሳቀብኝ፣ ልጄም «አባባ፣ በቃ ይቀየር» አለች። እኔ ደግሞ እምቢ አልኩ። አፑ ሲቀየር ድምጿ አብሮ እንደሚጠፋ ነግረውኛልና።

ብቻ የሞባይሉ ባትሪ እንደ ነፈረ ባቄላ አበጠ፣ አማራጭ አጣሁ። ጳጉሜ ስድስት ቀን ከሰዓት በኋላ ዲያቆን ሀብቴ ሱቅ ሄድኩ። ዲያቆን ሀብቴ የላስታ ሰው ነው፣ ቅዳሴ ሲወጣ ሞባይል ይጠግናል። ልጄ የገዛችልኝን አዲስ ሞባይል ተቀብሎ ከአሮጌው አጠገብ አስቀመጠና፣ «ይምረጡ አያ» ብሎ አፖቹን አንድ በአንድ ያሳየኝ ጀመር። የመጀመሪያው ዓመቱን በጥር የሚጀምር የፈረንጅ ሆነ፣ «ይሄ መስቀልን በየት በኩል ሊያውቀው ነው?» አልኩና ገፋሁት። ሁለተኛው የእኛን ቀን ያውቃል፣ ይናገራልም፣ ግን ድምፁ አፏ ውስጥ ጠጠር የያዘች የምትመስል የማሽን ሴት ናት፣ «ዛ-ሬ ሚ-ካ-ኤል» ትላለች። ይህች ቤቴ አትገባም አልኩ።

«አያ ምስጋናው፣ በሬ እየገዙ ነው እንዴ?» አለ ዲያቆን።

«በሬማ ጥርሱን አይቼ እገዛለሁ። ይኸ ጥርስ የለው።»

ሦስተኛው ዲዳ ነው፣ ግን ድምፅ ቢሰጡት ይይዛል። ዲያቆንም ብልሃት አመጣ፣ አሮጌው ይናገር፣ አዲሱ ይስማ። ሁለቱን ፊት ለፊት ደገፋቸውና የእያንዳንዱን ቀን ድምፅ አንድ በአንድ ገለበጠው፣ እኔም እንደ ለቅሶ ቤት ሰው አቀርቅሬ ሰማሁ። ሩፋኤል ላይ ስንደርስ አፈርኩ። ከሦስት ቀን በፊት፣ በዕለቱ፣ ድምጿ «ውጣ» ብሎኝ፣ ዝናቡም መጥቶ፣ እኔ ጋቢዬን ተከናንቤ የተኛሁ መስዬ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም፣ ለልጄም።

አምስተኛው ሲያበቃ ዲያቆን፣ «ጨርሰናል፣ ስድስተኛዋ ባዶ ናት» ብሎ አሳየኝ።

«እሷንም ገልብጥ።»

«ባዶ እንዴት ይገለበጣል አያ?»

«ዝናሽ የተወችው ባዶ ነው፣ ገልብጥ ስልህ!»

ለእብድ እንደሚታዘዙ እየታዘዘልኝ ነካው። መጀመሪያ ምንም የለም። ቆይቶ ጠብ ጠብ የሚል ድምፅ መጣ፣ ከዚያ በረታ፣ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ነው። ዲያቆን ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ። እኔ ደጁን አየሁ፣ ፀሐይ ነው፣ መንገዱ ላይ አቧራ ይነሳል። የደሃናው ቤታችን ደግሞ፣ ልብ በል፣ ሣር ክዳን ነው፣ ዝናብ ሲወርድበት አይጮህም።

ከዚያ ተናገረች። በኽምጣንጋ፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋችን ነው፣ ስትቆጣኝና ስትናፍቀኝ የምትናገረው በእሱ ነበር።

«ደረሰች እንግዲህ፣ እነግርሃለሁ ብዬህ የለም? ዘንድሮ ሩፋኤልን ዝናብ ሳይነካህ አለፍክ። ለምን?»

ዲያቆን ቋንቋውን አያውቅም፣ እጄን ግን ጨምድዶ ያዘኝ። እኔ ደግሞ እንደ ሞኝ ለሞባይሉ መለስኩ፣ «ብቻዬን በረደኝ» አልኳት።

ዝም አለች። ሰው ሲሰማህ ዝም የሚለውን ዝምታ ታውቀው የለ? እሱን። ከዚያ «ውጣ» አለችኝ፣ አሮጌው ሞባይልም ድርግም ብሎ ጠፋ፣ ከዚያ ወዲያ ባትሪ ቢቀየርለትም አልበራም።

ወዲያው የሱቁ ቆርቆሮ መጮህ ጀመረ፣ ፀሐዩ እንዳለ ዝናብ ወረደ፣ ጅብ ወለደች እንደምንለው። ድምፁ ቅድም የሰማነው ራሱ ነው፣ አንዲት ጠብታ ሳትለይ። ወጣሁ። ቆቤን አውልቄ መንገዱ መሃል ቆምኩ፣ ጋቢዬ እስኪከብደኝ። ዲያቆን ከበሩ ላይ፣ «አያ፣ ምን አለችዎት? ምን አለችዎት?» ይላል። አልነገርኩትም።

አዲሱን በኋላ ከፈትነው። የሌላው ቀን ሁሉ አለ፣ ዶሮዋም አለች። ስድስተኛዋ ላይ ግን የዝናሽ ድምፅ የለም። ዝናቡ አለ፣ የዲያቆን ትንፋሽ አለ፣ የእኔ «ብቻዬን በረደኝ» አለ፣ ከዚያ ብዙ ዝም ይላል። መጨረሻ ላይ አንድ በር እያቃሰተ ይከፈታል። የሱቁ በር ብረት ነው፣ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነበር። ያን ማቃሰት ከሺህ በር መሃል ለይቼ አውቀዋለሁ፣ ያልቀባሁት እኔ ነኛ።

አሁን ይህኛውም አፕ አርጅቷል፣ የተሻለ መጥቷል ይሉኛል። ሌላ ሉቃስ አልቆ ስድስተኛዋ ተመልሳ እስክትመጣ አልቀይርም፣ ዕድሜ ከሰጠኝ። ልጄም ደሃና ወርደህ ቤቱን እይ፣ ልብህ ይረፍ ትለኛለች። ቁልፉ ይኸው አንገቴ ላይ ነው፣ ሌላ ቁልፍ የለም። ልሄድ እነሳና እግሬ እምቢ ይለኛል። በሩን ተከፍቶ ባገኘውስ ብዬ እፈራለሁ፣ ተዘግቶ ባገኘውስ ብዬ ግን የባሰ እፈራለሁ።