ሦስት ጊዜ የሚቀመስ ቀለም

ንጉሥ ናሆር በነገሠ በአሥራ አራተኛው ዓመት፣ ኅዳር ዘጠኝ ቀን፣ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የቆልሳ ወንዝ ጠርቶ ወረደ።

ለሌላ አገር ሰው ይህ ምሥራች ነው። ቆልሳ ግን በኤርማድ መንግሥት የሰማያዊ ቀለም ከተማ ነበረችና፣ ወንዟ ከቅድመ አያቶች ዘመን ጀምሮ ሰማያዊ እንጂ ሌላ መልክ ይዞ ወርዶ አያውቅም። ማርዳ የምትባል ወጣት ቀለም ነካሪ በዚያች ሰዓት የነከረችውን ሸማ ልታለቀልቅ ከታችኛው ሰፈር ድልድይ ሥር ገባች። ጎንበስ ስትል የእግሯን ጣቶች አየች። አሥር ዓመት ሙሉ በዚያ ወንዝ ስትቆም ጣቶቿን ከውኃው በታች ያየችው ያን ቀን ነው። ሸማውን ጣለችና ጮኸች።

ሰው ሁሉ ወደ እናት ጋን ቤት ሮጠ። ሰማይ ቅጠል የሚባለውን ተክል ዘፍዝፎ ማሸት ለማንም አያቅትም፤ ቀለሙ ሕይወት ዘርቶ ጨርቅ የሚይዘው ግን ከእናት ጋን የተቀዳ እርሾ ሲገባበት ብቻ ነው። በከተማይቱ ያለው ጋን ሁሉ የእርሷ ልጅ ነበር። ያን ቀን እናት ጋን ተግጣ እንደ ተጣለች አጥንት ነጥታ ተገኘች። ልጆቿም ሁሉ አብረው ነጥተዋል። በወለሉ ላይ የበሬ ወገብ የሚያህል ነገር የተጎተተበት ዱካ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ዱካውን አይተው ራሳቸውን ያዙ።

«ገርጣ ነው» አሉ።

ገርጣ ቀለም የሚጠጣ ዘንዶ ነው። አበባ ላይ ቢተነፍስ አበባው ይነጣል፤ ሰው ላይ ቢተነፍስ ደሙ ይቀዘቅዛል። የጠጣውን ይዞ ከቆልሳ የሰባት ቀን መንገድ ወደሚርቀው ወደ አንቀላ ተራራ ይመለስና በዋሻው ጉድጓዶች ውስጥ ይተፋዋል፣ ከመርዙ ጋር።

ከዚያ በኋላ ከተማይቱ ቀስ እያለች ሞተች። መጀመሪያ ሸማኔዎቹ ወጡ፤ ለነጭ ሸማ ብሎ ቆልሳ ድረስ የሚመጣ ነጋዴ የለምና። ቀጥለው ጠላ ሻጮቹ ሄዱ፤ ሸማኔ ከሌለ ማን ይጠጣል? ከዚያ ጫኞቹ፣ ከዚያ ጫማ ሰፊው። በሁለት ዓመት ውስጥ በታችኛው ሰፈር ከነበሩት ሁለት መቶ አሥር በሮች የሚከፈቱት ሠላሳ አንድ ቀሩ። የቀሩትም ሰዎች የሄደውን ጎረቤት በር እየነቀሉ ለማገዶ አደረጉት።

የአውራጃው መስፍን ይህን ሲሰማ አንድ አዋጅ ላከ፤ ከአዋጁ ሌላ የላከው ነገር የለም። «ቆልሳ ሞታለች። እስከ መጪው መስከረም ሰማያዊ ጨርቅ ካልታየባት ሰፈሮቿ ይፍረሱ፤ ቦታውም ለፈረሶቼ መስክ ይሁን።»

በማግሥቱ የታችኛው ሰፈር እድር ተሰበሰበ። የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ጋሽ ድንቁ የሚባል አጭር፣ አንገተ ወፍራም ሰው ነበር፤ ሞት ሲነግር የኖረ ሰው ስለሆነ ሳቅ ያበዛል። ተነሣና እንዲህ አለ፦ «ጎረቤቶቼ! እድራችን ሰው ሲሞት ይቀብራል። ከተማ ሲሞት ማን ይቀብረዋል የሚል ደንብ ግን በመዝገባችን የለም። እኔ ደንብ አክባሪ ነኝ። ደንብ ከሌለ አንቀብርም!»

ሰው ሳቀ። በሁለት ዓመት የመጀመሪያው ሳቅ ነበር።

እድሩ የለቅሶ ድንኳኑን ቀዶ ለሰማይ ቅጠል ችግኝ ጥላ አደረገው። ጎረምሶቹ ደቦ ወጥተው ደለል የሞላውን ቦይ ከላይ እስከ ታች ጠረጉ። ሴቶቹ የተሰነጠቁትን ጋኖች በጭቃና በጭድ ለሰኑ። በውኃ ተራ የተነሣ ሰማንያ ዓመት ሰላምታ የማይሰጣጡት የላይኛውና የታችኛው ሰፈር ቀለም ነካሪዎች በአንድ ማኅበር ገቡና ሊቀ ቀለም ዳምኔን አለቃ አድርገው ሾሙ። በግንቦት ሁሉም ነገር ተሰናዳ። የጎደለው እርሾው ብቻ ነበር፤ እርሱም ያለው በገርጣ ዋሻ ውስጥ ነው።

እርሾ ሕያው ይሁን ሙት በዓይን አይለይም። የሚለየው በምላስ ነው። ማኅበሩ ከመካከሉ አንድ ሰው መርጦ «ምላስ» ብሎ ይሾማል፤ በዚያ ዘመን የቆልሳ ምላስ የማርዳ ታላቅ ወንድም አውጋር ነበር። ዕድሜው ሃያ ስድስት ነው፤ ከንፈሩ ከዓመታት ቅምሻ የተነሣ ሰማያዊ ሆኖ ቀርቷል። ስለዚህ ወደ አንቀላ የሚሄደው እርሱ መሆኑን ማንም ሳይናገረው ሁሉም ያውቅ ነበር። ማርዳ እናታቸው ስትሞት የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ያሳደጋት እርሱ ነው። «ገንቦውን እኔ እሸከማለሁ» ብላ ከጎኑ ቆመች።

ጋሽ ድንቁም «እኔም አለሁ» አለ። «እዚያ ብትሞቱ እዚያው እነፋላችኋለሁ፤ የመልእክተኛ ድካም ይቀራል።»

በጉዞው ዋዜማ አውጋር በባዶዋ እናት ጋን አፍ ላይ እጁን ጭኖ፣ ምላስ ሁሉ ሲሾም የሚምለውን መሐላ በሕዝቡ ፊት እንደገና ማለ፦ «አንዴ ለቀለሙ፣ አንዴ ለለባሹ፣ አንዴ ለጎረቤቴ እቀምሳለሁ። ሦስት ጊዜ ያልቀመስኩትን ሕያው ነው ብል ምላሴ ይድረቅ!»

ሊቀ ቀለም ዳምኔም እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ፣ «ቆልሳ ዳግም ሰማያዊ ብትለብስ፣ አደባባይዋ በአውጋር ስም ይጠራ! ይህን ብረሳ ምድር ትርሳኝ!» አለ። ሕዝቡም «ይሁን!» አለ።

መንገዱን ሲጀምሩ ጋሽ ድንቁ አላረፈም።

«አንተ አውጋር፣ አንተን ያገባች ልጅ በማግሥቱ ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኖ እናቷ ብታያት ምን ትላለች?»

«ባለሙያ አገኘሽ ትላታለች» አለ አውጋር።

«ወይ ባለሙያ! እኔን ያገባች ግን ጥሩምባ ሲነፋ ያልደነገጠች ብቸኛዋ ሴት ናት። ስትቆጣ ከጥሩምባዬ ትበልጣለች።»

በአምስተኛው ቀን ሣሩ እየነጣ ሄደ። በስድስተኛው ቀን የደረሱባት መንደር ሰዎች ፀጉራቸውም ዓይናቸውም ዐመድ የመሰለ ነበር። አንዲት ሴት ለአውጋር ውኃ ስትሰጠው ከንፈሩን አተኩራ አየችና «ልጄ፣ አፍህን ምን ነካህ?» አለችው። የቀለሙን ስም ሊነግራት ሞከረ። ቃሉ በመንደሯ ጠፍቶ ነበር።

በሰባተኛው ቀን ቀትር ላይ ከዋሻው አፍ ደረሱ፤ ገርጣ ቀትር ላይ ይተኛልና። ዘንዶው የሚያየው ቀለም ብቻ ስለሆነ ሦስቱም ዐመድ ተቀብተው፣ ባልተነከረ ሸማ ተጠቅልለው ገቡ። ገርጣ እንደ ኖራ ክምር ተጠምጥሞ ያንቀላፋል። በዙሪያው ዘጠኝ ጉድጓዶች አሉ፤ ዘጠኙም አንድ ዓይነት ሰማያዊ ሆነው ያበራሉ። ስምንቱን መርዙ ገድሏቸዋል።

አውጋር በመጀመሪያው ጉድጓድ አጠገብ ተንበረከከ። ጣቱን ነከረ፤ ቀመሰ። ፊቱ ተጨማደደ። እንደገና ቀመሰ። ሦስተኛም ቀመሰና «ሙት ነው» አለ። ወደ ሁለተኛው ሄደ። በሦስተኛው ጉድጓድ አንድ እጁን መሬት ተደግፎ ቀመሰ። በአራተኛው ማርዳ ክንዱን ያዘችው።

«አያ፣ አንዴ ይበቃል! ሙት መሆኑን መጀመሪያ ስትቀምሰው አላወቅህም?»

«አውቄያለሁ።»

«ታዲያ ሌላው ለምንድን ነው? መርዝ እኮ ነው!»

«የመጀመሪያው ቅምሻ አንዳንዴ ይዋሻል፣ ማርዱ። ሙቱን ሕያው፣ ሕያውን ሙት ያስመስላል። ዘጠኝ ብቻ ናቸው፤ አንዱን በስሕተት ባልፍ ከተማው አለቀ። ደግሞም ምያለሁ።»

«ለማን ነው የማልክ? እዚህ ማን ያይሃል?»

«ሦስተኛው ለጎረቤት ነው» አለ። «ጎረቤት ስለማያይ ነው የሚቀመስለት።»

ማርዳ ክንዱን ለቀቀችው። ይህን እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ አልረሳችውም፤ ክንዱን ለቀቀችው።

በስድስተኛው ጉድጓድ እግሮቹ ከዱት። ወደ ሰባተኛው በእንብርክኩ ሄደ። አንዴ ቀመሰ። ሁለተኛ ቀመሰ። በሦስተኛው ሳቀ፤ ድምፅ የሌለው፣ የልጅነት ሳቁ።

«እርሷ ናት» አለ። «እቤታችን እቤታችን ትላለች። ቅጂ።»

ማርዳ ገንቦዋን ስትነክር ውኃው ተንቦጫርቆ የዘንዶውን ገላ ነካ። ገርጣ ዓይኑን ገለጠ። በዋሻው ውስጥ ከጉድጓዶቹ ሌላ አንድ ቀለም ብቻ ነበር። ዐመዱ ከአውጋር አፍ ላይ በቅምሻው ታጥቦ፣ ከንፈሩ ወለል ብሎ ይታያል።

ዘብ ሊሆን ከዋሻው አፍ አጠገብ የቆመው ጋሽ ድንቁ «ሩጡ!» ብሎ ጥሩምባውን ነፋ። ዘንዶው ግን ጆሮ የለውም። አውጋር ለመነሣት ሞከረና አቃተው። እያንዳንዱን አንዴ ብቻ ቀምሶ ቢሆን ኖሮ ይሮጥ ነበር። እህቱን አየ፤ ገንቦዋን አየ። ከዚያ ፊቱን ወደ ዘንዶው አዙሮ፣ አፉን ከፍቶ፣ ባለ በሌለ ድምፁ መሐላውን ይል ጀመር።

«አንዴ ለቀለሙ!»

ገርጣ አንገቱን አቀረቀረ።

«አንዴ ለለባሹ!»

አፉን ወደ አውጋር አፍ አስጠግቶ ሊጠጣ ሳበ። ማርዳ ከቤት ይዛው የመጣችውን፣ ጫፉ ብረት የሆነውን የጋን ማማሰያ አንሥታ በሙሉ ክብደቷ በዘንዶው ዓይን ውስጥ ሰካችው። ገርጣ ተወራጨ፤ ተራራው ተንቀጠቀጠ፤ ከዓይኑ ቀይም ቢጫም አረንጓዴም እየተቀላቀለ ፈሰሰና ዘንዶው ሞተ። በውጭ ያለው ሣር በዚያው ቅጽበት ለመለመ ይባላል። ማርዳ አላየችውም። ወንድሟን እያየች ነበር። ከንፈሩ ነጭ ነው። እጆቹ፣ ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ ሰማያዊ ሆነው የምታውቃቸው እጆቹ፣ ነጭ ናቸው። የማንም እጅ መሰሉ።

ሕያው እርሾ ከተቀዳ በኋላ ከሰው ገላ ሙቀት በታች ከቀዘቀዘ ይሞታል። ስለዚህ ማርዳ ገንቦዋን ከሆዷ ላይ፣ ከቀሚሷ ሥር አስራ፣ በጋቢ ተጠቅልላ ወረደች። ጋሽ ድንቁ አውጋርን በጀርባው አዘለው። የአንቀላ ብርድ አጥንት ይሰብራል። የአውጋር ገላ ደግሞ ከውስጥ ይቀዘቅዝ ነበር።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ከአንድ ቋጥኝ ሥር አስቀመጡት።

«ማርዱ» አለ፣ «በረደኝ።»

እጇ ወደ ገንቦዋ ማሰሪያ ሄደ። ቋጠሮውን ያዘች። አንድ ገላ ብቻ ነው ያላት። ጋሽ ድንቁ ጋቢውን ደርቦለት፣ ደረቱን በደረቱ ላይ አስደግፎ፣ «አንቺ ገንቦዋን ያዥ፤ እርሱን እኔ እይዘዋለሁ» ይላታል፤ ነገር ግን የሽማግሌ ገላ ምን ያህል ይሞቃል?

አውጋር እጇን አየ።

«ከፈታሽው» አለ፣ «ሁለተኛ አልቀምስልሽም።»

ጋሽ ድንቁ ሊስቅ ሞከረ። ማርዳ ቋጠሮውን አልፈታችውም። አውጋር ፀሐይ ቋጥኙ ላይ ሳትደርስ ሞተ። ገንቦዋ በሆዷ ላይ ሞቃለች።

ሰኔ ሦስት፣ ሰኞ፣ ከቆልሳ በር ደረሱ። ጋሽ ድንቁ ሬሳውን አውርዶ ጥሩምባውን አነሣና ነፋ። የእድር ጥሩምባ ምን እንደሚል በከተማይቱ የማያውቅ አልነበረም። ነገር ግን ከቅጥሩ ላይ ሰዎች በማርዳ ሆድ ላይ ገንቦዋን አይተው ነበርና እልልታው ቀደመ። ጋሽ ድንቁ ሦስት ጊዜ ነፋ። ሦስቴም እልልታው ዋጠው። ከዚያ ጥሩምባውን መሬት ላይ አስቀምጦ አለቀሰ፤ ያ ሰው ሲያለቅስ የታየው ያን ቀን ብቻ ነው።

ሬሳውን ሊገንዙ ከላይኛው ሰፈር የመጡት ሰዎች የነጡ እጆቹን አገላብጠው አዩ፤ አውጋር መሆኑን ግን አልለዩምና «ሟቹ ሙያው ምን ነበር?» ብለው ጠየቁ።

ቆልሳ ዳነች። ወንዙ በነሐሴ አጋማሽ ሰማያዊ ሆኖ ወረደ። ነጋድያኑ ወደ ከተማይቱ ተመለሱ፤ ሸማኔዎቹ ተመለሱ፤ ጠላ ሻጮቹ ተከተሉ። ለሁለት መቶ አሥሩም ቤት አዲስ በር ተሠራ። መስፍኑ በመስከረም በፈረስ መጥቶ የማፍረሱን አዋጅ ማንሣቱን በአደባባዩ አስነገረ፤ ሊቀ ቀለም ዳምኔም ለዚህ ቸርነት ምስጋና ሲል አደባባዩን በመስፍኑ ስም ሰየመው። ጋሽ ድንቁ «ምድርስ ረሳችህ?» ብሎ ጠየቀው። ዳምኔ ወደ መስፍኑ ፈረስ ሄዶ ልጓሙን ያዘ። ምድርም አልረሳችውም፤ ሰማንያ ዓመት ኖረ።

ምላስ ሆና የተሾመችው ማርዳ ነበረች። እያንዳንዱን ጋን ሦስት ሦስት ጊዜ ትቀምስ ነበር። ሥራ ሲበዛ፣ ጭነት ሲጠብቅ፣ ሊቀ ቀለም ዳምኔ ጠራት።

«ማርዳ ልጄ፣ ነጋዴው ቆሞ ይውላል። ዘንዶውም ሞቷል። አንዴ ብትቀምሺ አይበቃም?»

«ሦስተኛው ለጎረቤት ነው፣ አባቴ።»

«ጎረቤቱ ራሱ ነው እኮ የሚለምንሽ» አላት።

እውነቱን ነበር። ጎረቤቶቿ ከበሩ ላይ ተሰብስበው ነበር፤ ሁሉም የሚቸኩሉበት ጨርቅ አላቸው።

በተከታዩ ዓመት ሰኔ አሥራ ሁለት ቀን ማኅበሩ ደንቡን ለወጠ። አሁን በቆልሳ ቀለም የሚቀመሰው አንድ ጊዜ ነው።