ያልበራችው አምፖል

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ከዋሸሁ ስቀርጽ የኖርኩት ቁልፍ ሁሉ የገዛ ቤቴን በር አይክፈትልኝ። ሰፈሩ ቀጣፊ ይለኛል፤ ይበለኝ። ትምህርቱን ስድስተኛ ክፍል ላይ ብተወውም ማየቱን አልተውኩም። የቁልፍ መቅረጫ ሱቄን ከጎረቤቴ የማሽን ጥገና ቤት የሚለየው አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ነው፤ ቆርቆሮው ደግሞ ቀዳዳ አለው።

የጥገና ቤቱ ባለቤት ጋሼ ብልጭ ይባላሉ። የብየዳ ማሽን ሆድ ውስጥ ካፓሲተር የሚሉት ዕቃ አለ። ማሽኑ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ኃይል አምቆ፣ የሚነካውን እጅ ይጠብቃል። ጋሼ የካፓሲተሩን ሁለት ጫፎች በካቻቢቴ አገናኝተው ያንን ኃይል ያፈነዱታል። ብልጭታው ማዶ ያለውን ፎቶ ቤት ከመብራት ወጪ ገላግሎታል ብል ማጋነን አይሆንም። ሙያውንም ካቻቢቴውንም ለአንዲት ሴት ልጃቸው አወረሱ።

አንድ ማለዳ የሰፈራችን የልብስ ፋብሪካ ጥገና ሠራተኛ የሆነ አንድ ወጣት ማሽን ተሸክሞ ገባ። ልጅቷ ክዳኑን ፈታ ካቻቢቴዋን ሰደደች። ጧ ሲል ልጁ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«ፈራህ እንዴ?» አለችው እየሳቀች።

«አዎ።»

ወንድ እንዲህ ሲመልስ ሰምታ አታውቅም መሰለኝ፣ ሳቋ መሐል ላይ ቆመ።

«ለማሽኑ ነው?»

«ለዓይንሽ።»

በሦስተኛው ቀን በእጁ የሠራውን መሣሪያ ይዞላት መጣ። የእንጨት እጀታ፣ ሁለት ሽቦ፣ በሽቦዎቹ መሐል ኃይል የሚያበርድ አንድ ወፍራም ሬዚስተርና የፍሪጅ አምፖል የምታክል መብራት።

«በሁለቱ ጫፍ ትነኪዋለሽ። ኃይሉ ሳይፈነዳ ቀስ ብሎ ያልቃል። አምፖሏ ትበራለች፣ ትደበዝዛለች፣ ትጠፋለች። ከዚያም በቴስተር ሳትለኪ እጅሽን እንዳትሰጂው።»

አጎንብሰው አብረው ሞከሩት። አምፖሏ ለመጥፋት ስድስት ሰከንድ ቢፈጅባት ነው። ከጠፋች በኋላም ግን ሁለቱም ቀና አላሉም። ከዚያ ወዲያ የፋብሪካው ማሽን በሳምንት ሁለት ጊዜ ይበላሽ ጀመር።

ጋሼ ነገሩ አልጣማቸውም። «አምፖል እስኪጠፋ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ወንድ፣ ቤት ሲቃጠል ምን ሊሆን ነው?» አሉ፣ እሷ እንድትሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው።

«አባዬ፣ እሱ ቤቱ ከመቃጠሉ በፊት ነው የሚያስበው» አለቻቸው።

በመጨረሻ ልጁ ልጅቷን ለጋብቻ ጠይቆ ቁርጡን ሊሰማ እንደሚመጣ ቀን ተቆረጠ። እኔ ደግሞ የዚያን ቀን ጠዋት ተንኮሌ ተነሳብኝ። ቤቱ ባዶ ሲሆን ገብቼ መሣሪያዋን ከተሰቀለችበት ምስማር አወረድኩና አምፖሏን ግማሽ ዙር አላላኋት። ሳትበራ ብትቀር ጋሼ ይስቃሉ፣ ልጁ ያፍራል፣ እኔም ለሳምንት የሚበቃ ወሬ አገኛለሁ ብዬ ነው።

ልጁ ሸሚዙን ተኩሶ መጣ፤ እኔም ዓይኔን ከቆርቆሮው ቀዳዳ ላይ ለጠፍኩ። «ጋሼ፣ ልጅዎን ላገባት እፈልጋለሁ። እሷም እሺ ብላለች።»

ጋሼ እየሠራ የነበረ አንድ ማሽን ከሶኬት ነቅለው ክዳኑን አነሱና ወደሱ ገፉለት።

«በዚያች በአምፖልህ ባዶ አድርገውና በጣትህ ንካው። ከዚያ ስለ ልጄ እናወራለን።»

ልጁ ሁለቱን ሽቦዎች አስነካ። አምፖሏ አልበራችም።

 ጋሼ ፈገግ አሉ። «ይሄ ማሽን ሲነቀል በራሱ ይራገፋል። ባዶ ነው። ምን ትጠብቃለህ?»

ልጁ አልተንቀሳቀሰም። ዓይኑን ከአምፖሏ አልነቀለም።

«ወይስ ሌላ አምፖል ይምጣልህ?»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። አምፖሏ ስትላላ የኃይሉ መንገድም ተቋርጧል፤ ኃይሉ የትም አልሄደም። ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት።

ልጅቷ የአባቷን ፈገግታ አየች፣ የልጁን ማመንታት አየች። አላስቻላትም። «ባዶ ነው አሉህ እኮ። ይኸው፣ እኔ ልንካልህ» ብላ እጇን ወደ ማሽኑ ሰደደች።

አንድ ስንዝር ሲቀራት ልጁ የእጇን አንጓ ያዘ።

«አልበራችም ማለት ኃይሉ አለቀ ማለት አይደለም» አለ በዝግታ። «ስትበራ አላየናትም።»

በግራ እጁ እንደያዛት በቀኙ አንዱን የቴስተር ጫፍ በመቆንጠጫ አስይዞ ሌላውን አስነካ። ሦስት መቶ አሥር ቮልት። በራሱ ይራገፋል የተባለው ማሽን፣ የሚያራግፈው ክፍሉ ተቃጥሎ ኖሯል።

አምፖሏን ፈትሾ አጠበቃት። አሁን በራች። ቢጫ ሆነች፣ ቀላች፣ ጠፋች። በቴስተር ለካው፤ ባዶ። ከዚያ በኋላ ነው ካፓሲተሩን በጣቱ የነካው።

ጋሼ ወንበራቸው ላይ ዘፍ አሉ። ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው ብዙ ጊዜ አዩት።

«እነዚህ ሁለት ጣቶቼ ሙቅና ቀዝቃዛ አይለዩም» አሉ። «ካፓሲተር ከመታቸው ዘጠኝ ዓመት ሆነ። ለእናትሽም አልነገርኳትም።»

«አባዬ...»

«ዝም በይ።» ወደ ልጁ ዞሩ። «አንጓዋን ለምን አትለቅም?»

«ረስቼው ነው፣ ጋሼ።»

«እንደረሳኸው ይቅር።»

እኔም ዞሬ መጥቼ በሩ ላይ ቆሜ ተናዘዝኩ። «አምፖሏን ያላላኋት እኔ ነኝ» አልኩ። ልጅቷ መጥታ ጆሮዬ ጭው እስኪል በጥፊ አለችኝ፤ ልጁ ግን ይቅር አለኝ።

በዓመቱ ተጋቡ። ልጁ አምፖሏን ከሬዚስተሩ ጎን አዛውሮ ለብቻዋ ገጠማት፤ ዛሬ አምፖሏ ብትላላም ኃይሉ በሬዚስተሩ ያልቃል። ጋሼም መነጽራቸውን አድርገው ቴስተር ያነባሉ።

እንግዲህ እውነት ነው ብዬ ስለማልኩ አንዷን ውሸቴን ልመልስ። ጥፊው የኔ ፈጠራ ነው። አልተናዘዝኩም። እነሱ እስከ ዛሬ አምፖሏ በራሷ የላላች ይመስላቸዋል። ልጅቷ ጠዋት ጠዋት በደጄ ስታልፍ «ጎረቤት፣ እንደምን አደርክ» ብላ ትጨብጠኛለች፣ በዚያችው ወደ ማሽኑ በሰደደቻት እጇ።