የሁለት አገር ደብተር

ሔለን ለደብተር የምትሰፋቸውን ወረቀቶች በመርፌ ለሦስተኛ ጊዜ ወግታ ክሩን ስትስብ ታናሽ እህቷ ዮሳቤጥ እጇን ያዘቻት።

«ቆይ፣ ይሄ ኽትም አለው።»

እውነቷን ነበር። ከወረቀቶቹ አንዱ ጥግ ላይ ክብ ሰማያዊ ማኅተም ተመትቶበታል። ሔለን ክሩን ለቀቀችው።

እናታቸው የኔነሽ በስደት በሚኖሩበት ከተማ፣ ዐማራት የሚባል ሰፈር ውስጥ የመኖሪያ ፈቃድ የሚያስጨርስ ቢሮ ታጸዳለች። ድሮ የቢሮው ወረቀት ሁሉ ጓሮ ይቃጠል ነበር፤ በጭሱ ምክንያት ከጎረቤት ጋር የማይጣሉበት ቀን አልነበረም። አንድ ቀን የኔነሽ ለአለቃው ለኡስታዝ በሽር «ጀርባው ባዶ ነው እኮ» አለችው። ከዚያ ወዲህ ቢሮው ረቂቁን በጀርባው ላይ ይጽፋል፤ የተረፈው ደግሞ የሚኖሩበት ሰፈር ጀብራ ድረስ መጥቶ የልጆቿ ደብተር ይሆናል። ጭሱም ቀረ፣ ደብተር መግዛትም ቀረ። ኡስታዝ በሽር ያስጠነቀቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ኽትም ያለው ወረቅ፣ ማለትም ማኅተም ያረፈበት ወረቀት፣ ከበሩ እንዳይወጣ። አንድ ከወጣ ሁሉም ወደ እሳቱ ይመለሳል።

የኔነሽ ዐረብኛ አታነብም። ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት መልስ ቢሮ ሄዳ ወረቀቱን የምትለየው ሔለን ናት። ያለፈው ሐሙስ ግን የፈተና ጥናት አድክሟት ነበርና የመጨረሻውን ክምር ሳትገልጥ እንዳለ አሰረችው።

አሁን ወረቀቱ ላይ ያለውን ስም አነበበች። ወለላ ተሰማ።

የኔነሽ በሩ አጠገብ እግሯን ሳፋ ውስጥ ነክራ ዐይኗን ጨፍናለች። ከሥራ እንደገባች «ያቺ ወለላ ዛሬም ለፈቃዷ መጥታ ነበር» ብላቸው ነበር። «ሦስተኛ ቀኗ ነው። ‹ወረቅሽ የለም፣ ቡክራ ነይ› እያሉ ለነገ ይቀጥሯታል። ውሃ ብሰጣት ሳትጠጣ ብርጭቆውን እንደያዘች ቀረች።»

«ፍቺውና እዚያው ቢሮው ክምር ውስጥ መልሺው» አለች ዮሳቤጥ በሹክሹክታ። «ማን ያያል?»

ሔለን ክሩን ፈታች። ወረቀቱ ጠርዝ ላይ ሦስት የመርፌ ቀዳዳዎች ተሰልፈዋል።

«እነዚህን ያያሉ። እንዲህ የሚሰፋ ከእኛ ሌላ ማን አለ?»

«እንግዲያው ቅደጂው።»

ሔለን ወረቀቱን በመዳፏ አቃናችው።

«ብትናገሪ ደብተሩ ይቀራል» አለች ዮሳቤጥ። «ይቅር ደግሞ። የክፍሌ ልጆች አንድ ጎኑን ዐረብኛ፣ አንድ ጎኑን አማርኛ አይተው ‹የሁለት አገር ደብተር› እያሉ ከሚስቁብኝ።» ይህን እያለች ግን በስፌት ያለቀውን ደብተር ወደ ራሷ ሳበች።

ሔለን ተነሥታ እናቷ አጠገብ ተቀመጠች።

«እማ።»

«እ።» የኔነሽ ዐይኗን አልገለጠችም።

«ነገ ቢሮ አብሬሽ እሄዳለሁ። ለኡስታዝ በሽር የምነግረው አለኝ።»

«ፈተናሽስ?»

«አራት ሰዓት ነው፤ እደርሳለሁ።»

«የወለላ ነው» ብላ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አኖረችላት። የኔነሽ ማኅተሙን አየች፤ ቀዳዳዎቹን በአውራ ጣቷ ዳበሰች። እግሯ ሥር ያለው ውሃ ቀዝቅዟል። ለመቆጣት እንኳ አቅም ያላት አትመስልም።

«ልጅቷ በጠዋት ነው የምትመጣው» አለች በመጨረሻ። «ቀድመናት እንድረስ።»

ሔለን ፎጣውን አቀበለቻት። ከዚያም ተመልሳ ያልተሰፋውን ክምር ፊቷ አስቀመጠችና ከላይ ጀምራ እያንዳንዱን መግለጥ ያዘች።